ምስክርነት፦ ከእሳት የወጣው ኒኪ ላውዳ እና በአንድ ነጥብ የቀረበት ዋንጫ

እግዚአብሔር ይመስገን! የምንመሰክረው ስለ ራሳችን አይደለም። የመኪና እሽቅድምድም የሚከታተል ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፤ በጉባኤ ላይ ግን ማንም ሲመሰክረው አይሰማም። ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1976 ጀርመን ኑርቡርግሪንግ ላይ ከእሳት ወጣ። ልክ በ12ኛው ሳምንት፣ ኦክቶበር 24 ቀን፣ ጃፓን ፉጂ ላይ በተደረገው የዓመቱ መዝጊያ ውድድር የፎርሙላ ዋን ዋንጫን በአንድ ነጥብ አጣ። ሰው የመጀመሪያውን ተአምር ይለዋል፣ ሁለተኛውን ሽንፈት። እኛ ሁለቱን ነጣጥለን መመስከር አልሆነልንም።

የድሮው ኑርቡርግሪንግ አንድ ዙሩ 22.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጫካና በኮረብታ መካከል ይጠማዘዛል። አደጋው ከርዝመቱ ይጀምራል። አንዱ ጫፍ ዝናብ ሲመታው ሌላው ጫፍ ደረቅ ነው፤ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰውና አምቡላንስም ለዚያ ሁሉ መንገድ አይዳረስም። ላውዳ ይህንኑ አንስቶ ውድድሩ ይቅር ብሎ ነበር፤ ሹፌሮቹ ድምፅ ሰጡና ተሸነፈ። በዕለቱ መንገዱ ርጥብ ስለነበር አብዛኛው ሰው በዝናብ ጎማ ተነሣ። ወዲያው መድረቅ ሲጀምር ላውዳ ከአንደኛው ዙር በኋላ ፒት (ጎማ የሚቀየርበት የቡድኑ ማቆሚያ) ገብቶ ጥርስ የሌለውን ሊሾ ጎማ አስገጠመ። ሊሾ ጎማ ሳይሞቅ አስፋልት አይዝም፤ ርጥበት ካገኘው ደግሞ ጨርሶ ይከዳል። በሁለተኛው ዙር ቤርግቬርክ ከሚባለው መታጠፊያ በፊት የላውዳ ፌራሪ መኪና መንገዱን ስቶ ከዳር ተላተመ፣ ነዳጁ ተቀጣጠለ፣ መኪናው እየነደደ ወደ መንገዱ መሐል ተመለሰ። ከኋላ የደረሰው የብሬት ላንገር መኪና ደግሞ ገጨው። በዚህ መሐል ሄልሜቱ ከራሱ ላይ ወልቆ ሄዷል።

አራት ሹፌሮች መኪናቸውን አቁመው ወደ እሳቱ ሮጡ፦ ላንገር፣ ጋይ ኤድዋርድስ፣ ሃራልድ ኤርትል እና አርቱሮ መርዛሪዮ። ቀበቶውን የፈታው መርዛሪዮ ነው። የእሽቅድምድም ቀበቶ ከትከሻ፣ ከወገብና ከጭን መካከል የሚመጡት ማሰሪያዎች ሆድ ላይ በአንድ ቁልፍ ይያያዛሉ። የታሰረው ሰው ለመውጣት ሲታገል ማሰሪያዎቹ ይወጠራሉ፣ ቁልፉ ላይ ጭነት ይበዛል፣ አልፈታም ይላል። መርዛሪዮ ኋላ እንደተናገረው ላውዳ እየታገለ ሳለ ሊፈታው ሞክሮ አቃተው፤ የላውዳ አቅም አልቆ ሲዝለፈለፍ ግን ማሰሪያው ረገበና ተፈታ። አቅሙ ባይከዳው ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ እየሰማን ላደግን ሰዎች እሳት ውስጥ የሚገባው ቅዱስ ገብርኤል ነው። እዚህ የገባው አንድ ቀጭን ጣሊያናዊ ነው፤ ያውም በ1973 የፌራሪ ሹፌር የነበረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ላውዳ ሲመጣ ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው። ቂም ቢይዝ ማን ይፈርድበት ነበር?

ላውዳ ከእሳቱ ሲወጣ በእግሩ ቆሞ ያወራ ነበርና ላየው ሰው የሚያሰጋ አይመስልም ነበር። ፊቱና ጆሮው ተቃጥሏል፤ ገዳዩ ግን የተቃጠለው ቆዳ አልነበረም። ፋይበርግላስና ነዳጅ ሲነድ የሚወጣውን መርዛም ጭስ ያለ ሄልሜት ስቦታል፤ ሳንባው ውስጥ ገብቷል። ጀርመን ማንሃይም ሆስፒታል ውስጥ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ ቄስ ተጠርቶ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰለት።

ላውዳ ጸሎተኛ ነበር ብለን አንዋሽም። ራሱ ኋላ እንደተናገረው ቄሱ ተስፋ የሚሰጥ አንድ ቃል እንኳ አልነገረውም፤ በዚያ ተናደደ፣ አልሞትም ብሎ እልህ ያዘው። የምንመሰክረውም ይህንኑ ነው። እኛ ዘንድ ጸሎተ ቀንዲል ለድውይ ፈውስ ይደርሳል፤ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የታመመው ዘይት ተቀብቶ ይጸለይለት የተባለው እንዲድን ነው። ማንሃይም ላይ ሰዎቹ ጸሎቱን ለስንብት አደረሱት፤ መልሱ ፈውስ ሆኖ መጣ። እግዚአብሔር የታማሚውን ንዴት ለፈውሱ ተጠቅሞበታል ብንል ማንም አይቆጣን።

ሁለት ውድድሮች ብቻ አምልጠውት በስድስተኛው ሳምንት ጣሊያን ሞንዛ ላይ ተመልሶ ነዳ፤ አራተኛ ወጣ። ቁስሉ አልደረቀም ነበር፤ ከሄልሜት ሥር የሚለበሰው እሳት የማያስገባ ጨርቅ ከደሙ ጋር እየተጣበቀ ነበር የሚወልቀው። የዐይኑ ቆብ በመቃጠሉ እንደ ጤነኛ ሰው መርገብገብ አይችልም። ይህን ያዙልን፤ ፉጂ ላይ ያስፈልገናል።

ዋንጫውን የሚወስደው በዓመቱ ውድድሮች ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ነው፤ የዚያን ጊዜ የአንድ ውድድር ነጥብ ለአንደኛ 9፣ ለሁለተኛ 6፣ ለሦስተኛ 4፣ ከዚያ 3፣ 2 እና 1 ነበር። ፉጂ ሲደርሱ ላውዳ 68፣ የማክላረን ቡድኑ ሹፌር ጄምስ ሃንት 65 ይዘዋል። ላውዳ ምንም ሳያገኝ ሃንት አራተኛ ቢወጣ 68 ለ68 እኩል ይሆናሉ፤ በአሸናፊነት ብዛት 6 ለ5 ስለሚበልጥ ዋንጫው የሃንት ነው። አምስተኛ ቢወጣና ላውዳ ምንም ባያገኝ ደግሞ የላውዳ ነው።

በዕለቱ ዝናቡ ሌላ ነበር። ጭጋግ ወርዷል፣ ውኃ መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል፤ ውድድሩ ሲዘገይ ሲዘገይ ቆይቶ ሊመሽ ሲል ተጀመረ። የዝናብ ጎማ ጥርስ ሥራው ውኃውን ከጎማው ሥር ጠርጎ ወደ ጎን ማውጣት ነው። ውኃው ከጥርሱ አቅም በላይ ሲሆን ጎማው ከአስፋልቱ ይነሣና ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መሪውን ብታዞረው አይሰማም፣ ፍሬን ብትይዝ ጎማው ቆሞ መኪናው ይሄዳል። የእሽቅድምድም ጎማ ሰፊና መኪናው ቀላል ስለሆነ መንሳፈፉ ይብሳል። በዚያ ላይ ከፊት ያለው መኪና የሚረጨው ውኃ እንደ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ጤነኛ ዐይን እንኳ በማርገብገብ ነው የሚጠራው፤ የላውዳ ዐይን ያንን አይችልም።

ሁለት ዙር ነድቶ ፒት ገባና ከመኪናው ወረደ። መሐንዲሱ ማውሮ ፎርጊየሪ፣ ሞተሩ ተበላሸ እንበል ብሎ ሐሳብ አቀረበለት። ላውዳ እንቢ አለ፤ ሞተሩ ደኅና ነው፣ ያቆምኩት እኔ ነኝ አለ። እንዲህ ያለ ሰበብ በዚያ ሥራ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ይበላሻል፣ ማንም አይመረምርም፣ ክብርም ይተርፋል። ከሞት ተርፎ በውሸት መኖር አልፈለገም። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ፣ ካርሎስ ፓቼና ላሪ ፐርኪንስም በዚያው ዝናብ ምክንያት አቁመዋልና እብደቱ የታየው ለእሱ ብቻ አልነበረም። ዋንጫ በእጁ ሊገባ የተቃረበው ግን እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ አቆመ። ይህ ነው የሚያንገበግበው። መንገዱ ሲደርቅ የዝናብ ጎማ ሌላ ችግር ያመጣል፤ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ የሚያቀዘቅዘው ውኃ ሲያጣ ይግላል፣ ጥርሱ ይቦጨቃል፤ የትኛውም ጎሚስታ ያውቀዋል። ማሪዮ አንድሬቲ ጎማውን እየቆጠበ ነዳ። ሃንት ሲመራ ቆይቶ ጎማው አለቀ፤ ከ73ቱ ዙር ጥቂት ሲቀር የፊት ግራው ተነፈሰ። ፒት ገብቶ ሲወጣ አምስተኛ ነበር። በሒሳቡ መሠረት በዚያች ጥቂት ደቂቃ ሻምፒዮኑ ላውዳ ነው፤ ያውም መኪና ውስጥ ሳይሆን። ሃንት አለን ጆንስንና ክሌይ ሬጋዞኒን አልፎ ሦስተኛ ወጣ፤ 69 ለ68። አንድሬቲ አሸነፈ፣ ፓትሪክ ዴፓዬ ሁለተኛ ሆነ። ሃንት ከመኪናው ሲወርድ ዋንጫውን ያጣ መስሎት በቡድኑ ላይ ይጮህ ነበር፤ ጣት ቆጥረው ነው ያሳመኑት።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች ቶሎ ብለው 1977ን ይጠቅሳሉ፤ በማግሥቱ ዓመት ዋንጫውን ወስዷል፣ ካሠው ይላሉ። 1984ንም ይጨምሩበታል፦ ሞናኮ ላይ ዝናብ ውድድሩን አቋርጦ ግማሽ ነጥብ ብቻ ስለተሰጠ አሸናፊው፣ የዋንጫ ተፎካካሪው አለን ፕሮስት በ9 ፈንታ 4.5 አገኘ፤ በዓመቱ መዝጊያ ፖርቱጋል ኤስቶሪል ላይ ላውዳ ከ11ኛ ተነሥቶ፣ ሁለተኛ የነበረው ናይጀል ማንሴል ፍሬኑ ከድቶት ሲወጣ ቦታውን ወስዶ፣ ፕሮስትን 72 ለ71.5 በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ግን ፉጂን በዚያ ማካካስ አያሻንም። ከፉጂ በኋላ አንድም ዋንጫ ባያነሣ ይህን ምስክርነት አንድ ቃል ሳንቀንስ እንጽፈው ነበር፤ ኦገስት ላይ የተሰጠውን ዕድሜ ኦክቶበር ላይ ለአንድ ነጥብ ብሎ ውኃ ላይ አልጣለውም።

ያ ጭስ የገባበት ሳንባ እስከ ኦገስት 2018 አገልግሎታል፤ ከአደጋው 42 ዓመት በኋላ ቪየና ውስጥ የሌላ ሰው ሳንባ ተተከለለት። ያረፈው ሜይ 20 ቀን 2019 በ70 ዓመቱ ነው፣ በአልጋው ላይ።