«እያወራችሁ ሩጡ»

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጃን ሜዳ ስንወርድ ከአራታችን አንድም ሮጦ የሚያውቅ አልነበረም። አባዬ 67 ዓመታቸው ነው፣ ታናሽ ወንድሜ 34፣ እኔ 39፣ ልጄ 13። እማዬ በጡት ካንሰር ያረፈችው ኅዳር ውስጥ ነው፤ ታላቁ ሩጫም ኅዳር ላይ ነው። ሁለቱን ያገናኘችው ልጄ ናት። እራት ላይ «ለእማማ ብለን ለምን አንሮጥም?» አለች። አባዬ የጠቀለሉትን እንጀራ እንደያዙ ትንሽ ቆዩና «እኔ እሮጣለሁ» አሉ። ከሐዘኑ ወዲህ ለምንም ነገር እንዲህ ቶሎ መልስ ሰጥተው አያውቁም። በማግስቱ ጫማ ፍለጋ ወጣን።

የመጀመሪያው ቀን አላማረም። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳንሮጥ ትንፋሻችን ቁርጥ አለ፤ ወንድሜ ጎኑን ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ልጆች የሚያሠለጥኑ አንድ አዛውንት ሲያዩን ቆይተው መጡና «ምን አስቸኮላችሁ? እያወራችሁ ሩጡ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው» አሉን። በ14 ሳምንት ልምምድ ከዚህ የበለጠ የጠቀመኝ ምክር የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከቆላው ስለሚያንስ ጀማሪ ሰው ትንሽ ሲፈጥን ልቡ ይደልቃል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ግን ሰውነቱ በሚችለው ልክ እየሠራ ነው።

ስለዚህ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ በጠቅላላው 20 ደቂቃ አልን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። ክረምቱ ስላልወጣ ብዙውን ጊዜ ጭቃ ላይ ነበር የምንሮጠው። በመስከረም መጨረሻ አራት ደቂቃ ሮጠን አንድ ደቂቃ መራመድ ደረስን። ከልምምድ መልስ ቁርሳችን በሶ ነው፤ አባዬ በማር ካልተበጠበጠ በሶ አይሉትም።

ያልጠበቅሁት የወሬውን ነገር ነው። ወንድሜ ስለ እማዬ ሕመም አውርቶ አያውቅም። ለቅሶው ላይ እንኳ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲደረድር፣ ውኃ ሲያመላልስ ነው ሦስቱን ቀን የጨረሰው። ጎን ለጎን ሲሮጥ ግን ሰው ፊት ለፊት አይተያይም፣ ዝም እንዳይል ደግሞ ታዟል። አንድ ቅዳሜ አራተኛውን ኪሎ ሜትር ስንጀምር «ያቺ የደሴዋ ሴትዮ ትዝ ትልሻለች?» አለኝ። አላስታወስኳትም። እማዬ ለጨረር ሕክምና ስትመላለስ አብራት ተራ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ከተማው ውስጥ ዘመድ የላትም፤ የምታድረው በረንዳ ላይ ነበር። እማዬ ይህን ስታውቅ «ለማንም እንዳትናገር» ብላ የአልጋ ኪራይ ለወንድሜ ትሰጠዋለች፣ እሱ ወስዶ ይከፍላል። ከምሳ ዕቃዋ ሽሮዋን ለሁለት ከፍላ የሴትዮዋን ድርሻ በክዳኑ ታቀርብላት ነበር።

«ከእማዬ ሦስት ሳምንት ቀድማ ዐረፈች። ለእማዬ አልነገርኳትም» አለኝ። ይህን ያህል ጊዜ ብቻውን ይዞት ኖሯል። አልቆምንም፤ ፍጥነታችን ብቻ ቀነሰ። አባዬ ከኋላችን ሰምተዋል፤ ቤት እስክንደርስ ቃል አልወጣቸውም።

ገንዘቡ ለምን ይዋል የሚለው ጥያቄ በዚያው ቀን አለቀ። በአገራችን ጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ሕክምናው ለሳምንታት መመላለስን ስለሚጠይቅ፣ ከሩቅ የመጣ ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ እኩል ማደሪያው ያስጨንቀዋል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በደም ካንሰር ባረፈ ሕፃን መታሰቢያነት የተመሠረተ ነው፤ አባዬ ይህን ሲሰሙ «እነሱም እንደኛ ከቤታቸው ነው የጀመሩት» አሉ። እኛም በሶሳይቲው በኩል ለሕሙማን ማረፊያ እንዲሆን በኪሎ ሜትር 50 ብር ቃል የሚገባልን ሰው መፈለግ ጀመርን። የእማዬ የዕድር ጓደኞች ከሁሉም ቀደሙ። አንዷ ለአባዬ ብቻ እጥፍ እከፍላለሁ ብላለች።

ጥቅምት ላይ እኔ ተሳሳትኩ። እግሬ የጠነከረ መስሎኝ ከ5 ኪሎ ሜትር በአንድ ሳምንት ወደ 8 ዘለልኩ፣ ያውም ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል እየበረርኩ። ዳገት ትንፋሽ ይፈትናል እንጂ እግር የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው፤ የሰውነት ክብደት በሙሉ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ያርፋል። በማግስቱ ቅልጥሜን በጣት ስነካው ያመኝ ነበር። ዘጠኝ ቀን ዐረፍኩ። ወደ ልምምድ ስመለስ አባዬ ቀድመውኝ ነበር፣ ምክንያቱም እሳቸው አንድም ቀን ከወሬ ፍጥነት አልፈው አያውቁም።

ኅዳር 12 ልምምድ አልነበረም። ኅዳር ሲታጠን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ስለሚቃጠል ከተማው ጭስ በጭስ ነው፣ በዚያ መሮጥ ሳንባን መጉዳት ነው። አባዬ ደጁን እየጠረጉ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ስላለቁት ሰዎች ከአያታቸው የሰሙትን ለልጄ ሲነግሯት ዋሉ።

ሩጫው ከዚያ በኋላ በነበረው እሁድ ሆነ። መስቀል አደባባይን ሞልቶ የፈሰሰውን ሕዝብ በቴሌቪዥን ማየትና በመሐሉ መቆም አይገናኝም። ሁሉም ያንኑ ቲሸርት ለብሷል፤ ከፊሉ ይጨፍራል፣ ከፊሉ ይዘፍናል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ተሳታፊው 10 ሺህ ነበር፣ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ልጄ ማታውን በአራቱም ቲሸርት ጀርባ ላይ በጨርቅ ቀለም «እማማ» ብላ ጽፋ ነበር። አባዬ የሳቸውን መልሰው ሰጧትና ከሥሩ «የደሴዋ እህታችን» እንድትጨምርበት አደረጉ። ስሟን ማናችንም አናውቅም፤ ወንድሜ እንኳ ረስቶታል።

ከግፊያው ለመውጣት የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በእርምጃ ሄድን። ስምንተኛው ላይ ልጄ «አባባ ዝም አሉ!» ብላ ጮኸች። እውነትም ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ሁላችንም ወደ እርምጃ ወረድን። ወንድሜ ክንዳቸውን ያዘ፤ እስኪናገሩ ጠበቅን። ትንሽ ቆይተው «ይኼኔ እሷ ብትኖር ‹ጋቢህን አልረሳህም?› ትለኝ ነበር» አሉና እንደገና ሶምሶማ ጀመሩ። አራታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን፤ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ፈጅቶብናል። ቃል የተገባልን ገንዘብ 31 ሺህ 400 ብር ደርሷል፤ ሰኞ ሁለቱን የዕድር እናቶች ይዘን ሄደን አስረከብን።

ከሩጫው በኋላ አንድ ሳምንት ዐርፈን እንደገና ጀምረናል። እኔና ልጄ መጋቢት ላይ ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጀውን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ልንሞክር ነው። ለአባዬ ስንነግራቸው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

«ውድድሩ የእናንተ ይሁን» አሉ፣ «ልምምዱ ግን አብረን ነው»።