ጫማውን ራሱ ያድርግ

ዛሬ ጠዋት የአራት ዓመት ልጄ ጫማውን ራሱ አደረገ። ግራና ቀኙን አቀያየረ፣ አወለቀ፣ እንደገና ሞከረ፣ በመጨረሻ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ "ጨረስኩ!" ሲለኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ከባድ ነው፣ በተለይ ሰዓት ሲረፍድ! ለዚህ ነው ትንሽ ቀደም ብለን የምንነሳው።

ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ላይ በከፈተችው "የሕፃናት ቤት" በተባለው ትምህርት ቤት ዕቃውን በልጆች ቁመት ልክ ያሠራችው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም የጃኬቱን መስቀያ ዝቅ አደረግንለት፣ አሁን ራሱ ይሰቅላል። የሁለት ዓመት ልጅ እንኳ አሻንጉሊቱን ቅርጫት ውስጥ መመለስ ይችላል። ልብስ ላይ ደግሞ "ምን ትለብሳለህ?" ከማለት ሁለት አቅርቦ "የትኛውን?" ማለት ይሻላል፣ ምርጫ ሲበዛ ልጅ ግራ ይጋባል። ውኃ ካፈሰሰም ቁጣ የለም፣ መወልወያው የት እንዳለ ያውቃል።