ሁለቴ ብልጭ፣ አምስቴ ብልጭ

እማማ መኪናውን መልሰው ያመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱና በጣታቸው ዳሽቦርዱን አሳዩኝ። የሞተሩ መብራት በርቷል። «ይኸው ልጄ፣ ተመልሶ መጣ» አሉኝ። አልተቆጡም። የደንበኞች ክፍል ሄደው አረፍ እንዲሉ ብለምናቸውም እምቢ አሉ። የመሣሪያ ሳጥኔ አጠገብ የነበረ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

ይህ ከሆነ 8 ዓመት አልፎታል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መኪናው የ1993 ቶዮታ ፒክአፕ ነው፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 22 አር ኢ ሞተር። የሟች ባለቤታቸው ነበር። እሳቸው ለሱቆች እንጀራ ያደርሱበታል። ሽጡት ቢባሉ የሚሸጡት ዓይነት አይደለም። ጠዋት ሲነሳ ደህና ነው። ሲሞቅ ግን ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዙር፣ ይንቀጠቀጣል። ከትራፊክ መብራት ሲነሱ ደግሞ ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል።

ለዚህ መኪና የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነር አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ ስካነሩ የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት በሁሉም መኪና ላይ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ወዲህ ነው። የዚህኛውን ኮድ የምታወጣው በቁራጭ ሽቦ ነው። ኮፈኑን ከፍተህ ትንሿን የምርመራ ሳጥን ትፈልጋለህ። «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦው ታገናኛለህ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ትከፍታለህ። ከዚያ መብራቷን መቁጠር ነው።

ባለፈው አርብ ቆጥሬያት ነበር። ሁለቴ ብልጭ አለች። አረፍ አለች። አምስቴ ብልጭ አለች። 25 ማለት ነው። አየሩ በዝቷል፣ ቤንዚኑ አንሷል የሚል ኮድ ነው።

የጋራዡ ባለቤት ከቢሮው ብቅ ብሎ «ስንት አለ?» አለኝ።

«25።»

«የኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይረዋ» አለና ተመለሰ።

ቀየርኩት። ሴንሰሩ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለክቶ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገር ዕቃ ነው። ካንዴላዎቹንም ፈትቼ አይቼ ነበር፤ አራቱም ነጣ ብለዋል፣ ቤንዚን ሲያንስ እንደሚሆነው። ሴንሰሩ እውነቱን እንደሚናገር ያኔውኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ደጅ ላይ ሦስት መኪና ተራ ይጠብቃል። የኢ ኤፍ አይ፣ ማለትም የቤንዚን መርጫውን ፊውዝ ነቅዬ መለስኩት፣ መብራቱ ጠፋ፣ እማማ ከፍለው ሄዱ። ፊውዙ ሲነቀል መብራቱ ይጠፋል፣ በሽታው ግን እዚያው ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም።

ማክሰኞ እንደገና ሽቦዬን ሰካሁ። እማማ ከጎማው ላይ ተነስተው በሾፌሩ በኩል አብረውኝ ቆጠሩ።

«ሁለት... አምስት። ያው ነው?»

«ያው ነው እማማ።»

«ዕቃውን የቀየርከው ይህንኑ ብሎህ አይደል?»

«አዎ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ሆዴን ይላል። ምን እንደበላ ይናገራል?»

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ኮድ የሚባል ነገር ሳያውቁ «መጀመሪያ ጆሮህን ስጠው» ይሉኝ ነበር። እኔ ለዚህ መኪና ጆሮዬን አልሰጠሁትም። ቁጥር ሰምቼ ዕቃ አዘዝኩ። እማማ ይህን ያወቁት ልጆች ስላሳደጉ ነው።

የጋራዡ ባለቤት መጣ። «ሴንሰሩ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ነው። ያገለገለ ፈልግ» አለኝ። ኮምፒውተሩ የነገረን ያየውን ነው። ያየውን ስለነገረን እሱን ልንጥለው ነበር። «አንድ ሰዓት ስጠኝ» አልኩት።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩ። ይህ ሞተር ክዳኑ ሲነሳ መንገዳገድ አለበት፣ ያልተለካ አየር ይገባዋልና። ምንም አላለም። በሌላ በኩል አየር ለምዷል ማለት ነው።

ከአየር መለኪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ነው። ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ጣቴን ከሥር፣ በእጥፋቶቹ መሀል ሰደድኩ። ጥፍሬ ገባ። መብራት ይዤ ጎንበስ አልኩ። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስንጥቁ እንደ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚመድበው መለኪያው ባየው አየር ልክ ነው። በዚህ ስንጥቅ የሚገባውን አላየውም። ስንጥቁን በመዳፌ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። ሚኒሞው ረጋ አለ።

«ምን አደረግከው?» አሉ እማማ።

ሞተሩን አጥፍቼ ጣታቸውን ስንጥቁ ላይ አስነካኋቸው። «ይሄ ነው የበላው?» አሉኝ።

«ይሄ ነው።»

ኮድ አይረባም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። 25 አርብም ማክሰኞም የተናገረው እውነት ነው። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ቱቦው የሴንሰሩን ዋጋ ሩብ አያክልም። የጋራዡን ባለቤት የሴንሰሩን ገንዘብ እንመልስላቸው ብዬ ጠየቅሁት። «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም። ኮዱ ነው ያለን» አለኝ። እኔ የጉልበቴን አልቀበልም አልኩ። የሴንሰሩ ገንዘብ እንደወጣ ቀረ።

እማማ ሊሄዱ ሲሉ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «አሮጌው ዕቃዬ ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ደህና ነበር እማማ።»

«እንግዲያው ስጠኝ።»

አርብ ማታ የብረት በርሜሉ ውስጥ ጥዬዋለሁ። በርሜሉ ደግሞ ሰኞ ተጭኖ ሄዷል። ነገርኳቸው።

መሪውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። «እሱ ራሱ ነበር የገጠመው» አሉ። ማርሽ አስገብተው ወጡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የማወጣውን ዕቃ ሁሉ፣ አሮጌ ካንዴላም ቢሆን፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ የጋቢናው ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ። የጋራዡ ባለቤት «የሰው መኪና በግራሶ ታበላሻለህ» ይለኛል። ጋዜጣውን ሁለት አደርገዋለሁ።