የበቆሎ መፈልፈያ፦ ከብየዳው በፊት ካርቶኑ

የእጅ በቆሎ መፈልፈያ ኮምፒውተር ላይ ሲሳል ሁሉም ይገጥማል፤ እዚያ በቆሎው ሁሉ እኩል ነዋ! ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ ከጎተራ የሚወጣው ግን ወፍራምም ቀጭንም ጠማማም አለበት። ስለዚህ 20 ያህል ራስ በቆሎ ሰብስቡና መጀመሪያ ከነፍሬው፣ ፈልፍላችሁ ደግሞ ቆረቆንዳውን ብቻ ለኩ። የቱቦው ስፋትና የጥርሱ ከፍታ የሚወጣው ከእነዚህ ሁለት ልኮች ነው።

የመጀመሪያው ናሙና ካርቶን ይሁን። የሚመልሰው ጥያቄ እጅ ላይ ይመች እንደሆነ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር በሚሆን የብረት ቱቦ ውስጥ ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተቆረጡ አራት ጥርሶች በእኩል ርቀት ይገባሉ፤ መግቢያው ላይ ዝቅ፣ መውጫው ላይ ከፍ ይበሉ። በያጁ በነጥብ ብቻ ያስይዛቸው። ሙሉ በሙሉ ከተበየዱ በመዶሻ ማስተካከል አይቻልም፤ ቱቦውም በሙቀት ሊጣመም ይችላል። ጥርሱ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ቆረቆንዳው ይቀረቀራል፤ ካነሰ ፍሬ ሳይለቅ ያልፋል። ስለታም ጠርዝ ፍሬ ስለሚሰብር በሞረድ አደንዝዙት፤ የተሰበረ ፍሬ ነቀዝ ቶሎ ያገኘዋል።

ደረቅና እርጥብ በቆሎ ለየብቻ ይፈተን። እርጥቡ ስለሚጨፈለቅ ጥፋቱን መሣሪያው ላይ ትደፉታላችሁ።

ለሙከራ ስትሰጡ ቀለም አትቀቡት። ያለቀ ለሚመስል ዕቃ ጎጃሜ እናት «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሸኛችኋለች። ሻካራውን ስጧትና አጠቃቀሙን ሳትነግሯት ግማሽ ሰዓት ስትፈለፍል እዩ፤ መዳፏን የት ላይ እንደምታሳርፍ፣ መቼ እጅ እንደምትቀይር መዝግቡ።