ጋሼ የደወሉበት ስልክ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የከተራ ዕለት ማታ ነው፤ ታቦታቱ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወርደዋል፣ ከተማው ሰው በሰው ሆኗል፣ እኛም ጋ ባዶ አልጋ የለም። ከቨርጂኒያ ከልጃቸው ጋር የመጡ እናት ደረጃው ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። ዳሌያቸውን ይዘው «አትንኩኝ!» ይላሉ።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የአሜሪካውን የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 911 ደወለች። መስመሯ በኢንተርኔት የሚሠራ የአሜሪካ ቁጥር ነው፤ በእኛው ዋይፋይ ወዲያው ተነሣ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ያነሣው ሰው ያለው ቨርጂኒያ ነው! ቁጥሩን ስታወጣ ያስመዘገበችው የቤቷ አድራሻ መጥቶለት «አምቡላንስ ወደዚያ ልላክ?» ይላታል። እንዲህ ያለ መስመር ደዋዩ የት እንደቆመ የሚያውቀው ከተሞላለት ፎርም ነው። «ኧረ ኢትዮጵያ ነኝ» እያለች መብራት ሄደ። ራውተሩ ጠፋ፤ ጥሪውም አብሮ።

እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የሠራተኞች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አምቡላንስ ጥሩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ዳታው በበዓሉ ሰው ተጨናንቋል፤ ከጽሑፌ ጎን ያቺ ትንሽ ሰዓት ትዞራለች። እኔም ቆሜ እሷን አያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዘበኛችን ጋሼ ባትሪ እያበሩ መጡና «907 አልደወልሽም እንዴ?» አሉ። ከካፖርታቸው ኪስ በላስቲክ የታሰረች ባለቁልፍ ስልክ አወጡ። መጀመሪያ አልገባም፤ ሁለተኛው ላይ ቀይ መስቀል አነሣ። የፔንሲዮኑን ስም እንኳ አልጠሩም። «ከፋርማሲው ፊት ለፊት በኮብልስቶኑ ግቡ፣ ሰማያዊ በር። እኔ አስፋልቱ ላይ ባትሪ ይዤ እቆማለሁ» አሉና ወጥተው ቆሙ። አምቡላንሷም በዚያ ባትሪ መጣች። እናትየው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ አሁን ደህና ናቸው።

907ም ሆነ የፖሊስ 991 ከስልክ መስመር የሚደወሉ ቁጥሮች ናቸው፤ በዋትስአፕ አይገቡም። ዋትስአፕ ራሱ የድንገተኛ ጥሪ እንደማያደርስ በአገልግሎት ውሉ ላይ ጽፏል። ግን ውል ማን ያነባል?

ቁጥሮቹን ከአቅጣጫችን ጋር ካርቶን ላይ ጽፌ ከቁልፍ መስቀያው በላይ ለጠፍኩ፤ አንዲት ባለቁልፍ ስልክም ሁልጊዜ ቻርጅ ተደርጋ መሳቢያ ውስጥ አለች። ጋሼ ካርቶኑን እያዩ «አስፋልቱ ላይ ማን እንደሚቆምስ የታል?» አሉኝ።

እሱንም ጨመርኩ።