ትልቅ እያለሁ

ትናንት ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፤ እኔም አብሬው ቆምኩ። የድሬን የግንቦት ዘጠኝ ሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ምንጣፌን ጎትቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ደብሮኝ ነው የዋልኩት። ምክንያት የለውም። አንድ ነገር የሆነ ቦታ ረስቼ የመጣሁ ዓይነት ስሜት ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ፣ ያቺ ሦስት ዓመት ተኩል የሆናት፣ እዚያው በቆርኪ ትጫወታለች። ቀና እንኳ ሳትል፣

«እኔ ትልቅ እያለሁ ባጃጅ እነዳ ነበር» አለችኝ።

«መቼ?»

«ድሮ። ሳልሞት።»

እናቷ ከውስጥ ሰምታ «በስመአብ! ዝም በይ አንቺ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ዝም አለች። እኔ ግን ወሬውን ይዤ በርጫ ሄድኩ።

የኛን በርጫ ታውቁታላችሁ። ለገሀሬ፣ ያው ክፍል፣ ያው ፍራሽ፣ ያው ፊት። ገና ሳልቀመጥ «ሰው ሞቶ ተመልሶ ይወለዳል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። «ገና ሳትቅም ነው እንዴ የመረቀንከው አቦ?»

ሐረሬው ወዳጄ ቶሎ ዘጋው። «ተናሱኽ ይባላል። ኩፍር ነው። የሞተ በርዘኽ፣ የመቃብር ቆይታው፣ ውስጥ ሆኖ ቂያማን፣ የትንሣኤን ቀን፣ ይጠብቃል። አለቀ።» ዲያቆን የምንለው ደግሞ (ድቁናውን ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ስሙ ግን አልተወውም) «እኛም ጋ አለቀ» አለ። «ሰው አንዴ ይሞታል፣ ከዚያ ፍርድ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን እንጂ መመላለሳቸውን አንልም።» እነዚህ ሁለቱ ከጫት መወደድ በቀር በምንም ነገር ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። ታሪካዊ ቀን ነው።

እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ምርቃናው መጣ፣ እኔም ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ኢያን ስቲቨንሰን የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አገር ላገር እየዞረ «ድሮ እከሌ ነበርኩ» የሚሉ ሕፃናትን ሲጠይቅ ኖረ። ወደ 2,500 የሚጠጋ ታሪክ ሰብስቧል። ልጆቹ አብዛኞቹ በሁለትና በአምስት ዓመት መካከል ይጀምራሉ፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ አካባቢ ይረሱታል። ሰውዬው አንድ በቁጥር የሚከፈት ቁልፍም ገዝቶ ነበር። ቁጥሩን ለማንም ሳይነግር ቆለፈና ከሞትኩ በኋላ መልእክት እሞክራለሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 አረፈ።

«ቁልፉስ?» አለ ዲያቆኑ። ለካ ጆሮው እዚያው ነው።

«እንደተቆለፈ።»

ሐረሬው ግን ዋዛ አይደለም። «ልጆቹ የየት አገር ናቸው?» አለኝ። ህንድ፣ ስሪላንካ፣ የሊባኖስ ድሩዞች፣ አልኩት። «አየህ፣ መጀመሪያውኑ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። ልጁ አንድ ቃል ሲወረውር ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጨርስለታል።» እውነቱን ነው፤ ስቲቨንሰንን የሚተቹትም ይህንኑ ነው የሚሉት። እኔ ግን «በስመአብ! ዝም በይ!» ትዝ አለኝ። እዚያ ይጨርሱላቸዋል፣ እዚህ ያፍኗቸዋል። መሐል ላይ ሆኖ ዝም ብሎ የሚሰማ አገር የት አለ?

አንድ ነገር ደግሞ ገረመኝ። እኔ ዳግም መወለድን ሁሌ እንደ ማትሪክ ድጋሚ ፈተና ነበር የማየው። ይሄኛው ሕይወት ከተበላሸ በሚቀጥለው ይስተካከላል ብዬ። ህንዶቹ ግን ሞክሻ የሚሉት ከዙሩ ጭራሽ መውጣትን ነው። ሰው ስንት ጊዜ ቢደክመው ነው «በቃኝ፣ አትመልሱኝ» የሚለው? ዲያቆኑ «እኛ ጋ መንፈሳዊ ዕድገት አሥር ማዕረግ አለው፣ ሁሉም በዚሁ ባንዱ ዕድሜ ነው» አለ። የመጀመሪያው ማዕረግ ምንድነው? አልኩት። «ጽማዌ። ዝምታ።» አራት ሰዓት ሙሉ ሳወራ ነበር።

ጡረተኛው ጋሼ እስከዚህ ድረስ አልተናገሩም። ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ነው የጨረሱት። ቀሽራቸውን ፉት አሉና «ባቡሩ ሞቶ ተወልዷል አይደል?» አሉ። ይቺን ከተማ በ1895 የወለዳት ያ አሮጌው ሐዲድ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ካቆመ ቆይቷል። አዲሱ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። «በሌላ ገላ መጣ። እኛን ግን አያስታውሰንም።» ሳቅን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ አንተ ይሄን ሁሉ ሰው ትጠይቃለህ፤ ያንተ ስም ምንድነው?»

ማንም አልሳቀም።

ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ፣ ማስረሻ። ከነዚህ አንዱ የኔ ነው፤ የቱ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰው አይመለስም እንላለን፣ ልጅ ሲወለድ ደግሞ በሌላ ሰው ቦታ እናስቀምጠዋለን። ወንድሜ ሲሞት አራት ዓመቱ ነበር። እኔ በአሥራ አንደኛው ወር ተወለድኩ። ያለን አንድ ፎቶ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። ባንድ እግሩ ጫማ አድርጎ ሌላውን በእጁ ይዞታል።

እማዬ የዘይቱን ወቅት ሲደርስ አንዷን መርጣ በጉልበቷ ቀሚስ ትጠርጋለች። ለሁለት ትከፍላትና ቀዩን ወገን ትሰጠኛለች። «እሱ በጣም ነበር የሚወደው።» ከዚያ እስክውጥ ድረስ አፌን ታያለች። አንዴም ደግሜ አልጠየቅኩም፣ አንዴም አልመለስኩም። ዛሬም ዘይቱን እበላለሁ። እንደምወደው ግን አላውቅም። እሱ በኔ ተመልሶ ከሆነ መልካም። ግን ያኔ ተራው የኔ ከነበረ፣ እኔ የት ሄድኩ?

ማታ በእግሬ ተመለስኩ። ግሪኮቹ፣ ነፍስ ዳግም ከመወለዷ በፊት ከመርሻ ወንዝ ትጠጣለች ይሉ ነበር። ደቻቱን ስሻገር ይህን አስቤ ብቻዬን ሳቅኩ። የኛ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ከየት ጠጥተን ልንረሳ? ውሃ ሲመጣም እንደ 1998ቱ የሐምሌ ሌሊት ነው፤ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። እሱ ውሃ ማንንም አላስረሳም።

ዛሬ ጠዋት እንደ ስቲቨንሰን ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አልኩ። እናቷ ገበያ ነበረች።

«ባጃጅሽ ምን ቀለም ነበር?»

«ሰማያዊ።» ማስረጃ አይሆንም። የድሬ ባጃጅ መቼስ ሰማያዊ ነው።

«ማንን ትጭኚ ነበር?»

ቆርኪዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አንተን። ሳትከፍል ወረድክ።»

አሥር ብር ሰጠኋት። እናቷ ስትመጣ ብሩን አይታ «የምንድነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?