መቻልን ከቁንጫ የገላገልኩበት መንገድ

ውሻ አከከ ማለት ቁንጫ አለበት ማለት አይደለም። እከክም ያሳክከዋል፣ ቅማልም ያሳክከዋል። የቁንጫ ማሳከክ ግን ሰፈር አለው። ውሻው ድንገት ዞር ይልና ከወገቡ በታች፣ ጭራው ሥር ያለውን ቆዳ በፊት ጥርሱ ቶሎ ቶሎ ይነክሳል። እከክ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጆሮ ጠርዝና ከክርን ነው። የኛው ውሻ መቻል ጭራው ሥር ፀጉሩ እየሳሳ ሲመጣ፣ እኔም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ሲደረደሩ ነገሩ ገባኝ።

እህቴ "ትኋን ነው" ብላ ድርቅ አለች። ትኋን ግን ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። አንሶላ ላይም የደም ምልክት ይተዋል። እኔን የሚበላኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ ያውም ከቁርጭምጭሚት ብዙም ከፍ ሳይል።

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ሦስት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ቤታችን የድሮ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ። መቻል ቀን በረንዳ ላይ ይተኛል፣ ማታ ግቢ ይጠብቃል፣ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ ማንም ሳያየው ሳሎን ይገባል። "ማንም ሳያየው" ያልኩት ለእናቴ ክብር ስል ነው። ሁላችንም እናየዋለን።

መጀመሪያ ማረጋገጥ ነበረብኝ። የቁንጫ ማበጠሪያ የሚባል ነገር ፍለጋ አልተንከራተትኩም፤ መንገድ ላይ የሚሸጠው ጥርሱ ጠባብ የቅማል ማበጠሪያ ሥራውን ይሠራል። መቻልን ነጭ ጨርቅ ላይ አቆምኩትና ከጭራው ሥር ጀምሬ፣ ሆዱን፣ ብሽሽቱን፣ አንገቱንና ከጆሮው ኋላ ያለውን ቦታ ማበጠሪያውን ቆዳው ላይ አስጠግቼ ቀስ ብዬ አበጠርኩ። ጨርቁ ላይ ጥቁር ደቃቅ ፍርፋሪ ረገፈ። አንድ ሁለቱን አንስቼ እርጥብ ሶፍት ላይ አደረግኳቸው። ትንሽ ቆይቶ የእያንዳንዱ ፍርፋሪ ዙሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቀይ ቡኒ ሆኖ ሶፍቱ ላይ ተሰራጨ። አፈር ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይቀላም ነበር። ይሄ የቁንጫ ኩስ ነው። ቁንጫ ከምትችለው በላይ ደም ትጠጣለች፤ አብዛኛው ሳይፈጭ ይወጣና ይደርቃል። እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ደም ይሆናል። ቁንጫዋን በዓይን ማየት ላይቻል ይችላል፤ በጣም ፈጣን ናት፣ ፀጉር ውስጥም ትሰወራለች። ኩሷ ግን አይሰወርም። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ከዚህ ሙከራ ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ማበጠሪያው ውስጥ የተያዙትን ቁንጫዎች ኦሞ የተበጠበጠበት ጣሳ ውስጥ ነከርኳቸው። ሳሙናው ግድ ነው። ባዶ ውሃ ላይ ትንሳፈፍና ዘላ ልትወጣ ትችላለች፤ ሳሙና ያለበት ውስጥ ግን ወዲያው ትሰምጣለች። በጣት ጨፍልቄ እገላለሁ የሚል ካለ ይሞክር። ጎንና ጎኗ ጠፍጣፋ ነው፣ ቆዳዋም ጠንካራ ነው፤ በሁለት ጥፍር መሃል ጠቅ እስክትል ካልተጫኗት እንደ ጤነኛ ተነስታ ትሄዳለች።

ቀጥሎ ቤቱን ፈተሽኩ። ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበቴ ስቤ ሳሎኑን፣ የአልጋውን ሥርና በረንዳውን ቀስ ብዬ ዞርኩ። ነጭ ላይ ጥቁር ነጥብ ዘሎ ሲያርፍ ይታያል። ማታ ደግሞ ዝርግ ሳህን ላይ የሳሙና ውሃ አድርጌ ወለሉ ላይ፣ ከአነስተኛ መብራት ሥር አስቀመጥኩ። ቁንጫ ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት ትዘላለች፤ ጠዋት ሳህኑ ውስጥ ትገኛለች። ይሄ ማጥፊያ አይደለም፤ የትኛው ክፍል እንደባሰበት ማወቂያ ነው። የኛ ቤት ጉድ የተገኘው ሳሎን፣ መቻል በድብቅ ከሚተኛበት ሶፋ ኋላ ነው።

አብዛኛው ሰው ውሻውን አጥቦ ጨረስኩ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ውሻ ላይ የምናያት ቁንጫ ጥቂቷ ናት። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት እንደሚለው አንድ ቤት ውስጥ ካለው የቁንጫ ብዛት ውሻው ላይ ያለው ያደገ ቁንጫ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው እንቁላል፣ እጭና ድር ፈትሎ ራሱን የጠቀለለ ነው። እሱ ሁሉ ያለው ምንጣፍ፣ ጆንያና የጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አይጣበቅም፤ ውሻው በተራገፈና በተኛበት ሁሉ ይረግፋል። እጩ ብርሃን ይጠላል፣ ወደ ስንጥቅ ይገባል፣ የሚበላውም ያንኑ የረገፈ የደም ኩስ ነው። ሲመቻት በ3 ሳምንት ገደማ አዲስ ቁንጫ ሆና ትዘላለች። ድሯን ጠቅልላ የተኛችው ግን ካልተመቻት ወራት ትቆያለች፤ ሙቀት፣ ትንፋሽ ወይም የእግር ንዝረት ሲሰማት ትፈለፈላለች። ለበዓል ክፍለ ሀገር ሰንብተው የተዘጋ ቤት ሲከፍቱ የቁንጫ መዓት የሚቀበላቸው ሰዎች አሉ። ጎረቤቶቻቸው "መተት ነው" ይላሉ። መተት አይደለም፤ ንዝረት ነው።

ስለዚህ ሥራው ከወለሉ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ! ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምትመጣበትን ቀን ጠብቄ የመቻልን መኝታ አወጣሁ። ጆንያውን ጣልኩት፤ ጆንያ አይታጠብም፣ አይራገፍም። በምትኩ ሳፋ ውስጥ የሚገባ ያረጀ ብርድ ልብስ ቆራርጬ ሁለት መኝታ ሠራሁለት፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል። የሚታጠበው በሚፋጅ ውሃ ነው። 60 ዲግሪ የሞላው ውሃ እንቁላሉንም እጩንም አይምርም። ከዚያ ፀሐይ ላይ ማስጣት። እንቁላልና እጭ እርጥበት ይፈልጋሉ፤ ደረቅ አየርና ፀሐይ ያጠፋቸዋል። የአዲስ አበባ በጋ በዚህ በኩል ውለታ አለው። ክረምቱ ነው ጠላታችን።

ጣውላው ግን አደከመኝ። ስንጥቁ ውስጥ ያለውን በመጥረጊያ ማውጣት ውሃ ወቀጣ ነው። ከዘመድ ቫኪዩም ተዋስኩና በየስንጥቁ፣ በሶፋው ኪስና በግድግዳው ሥር አስኬድኩት። ጥሩነቱ መሳቡ ብቻ አይደለም፤ ንዝረቱ የተኙትን ይቀሰቅሳቸዋል፣ የወጣችው ደግሞ ወይ ትሳባለች ወይ መድኃኒት የተደረገለት ውሻ ላይ ወጥታ ትሞታለች። ከረጢቱን እዚያው ቤት ውስጥ መተው ግን ልፋትን ከንቱ ማድረግ ነው። አስሬ ወዲያው ከግቢ አስወጣሁት። ሰፋፊውን ስንጥቅ በስቱኮ ደፈንኩት።

ስለ መድኃኒት ምክር የማይሰጥ ሰው አላገኘሁም። በጎረቤት ያሉት እማማ "ልጄ፣ በነጭ ጋዝ እሺው፣ ማግሥቱን የለም" አሉኝ። "እማማ፣ ቆዳውን ያቃጥልብኛል፣ ደሞ ይልሰዋል" አልኳቸው። ነጭ ጋዝ ውሻ ከላሰው ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል። "እንግዲያው ባሕር ዛፍ ጎዝጉዢ፣ እኛ በሱ ነው ያደግነው" አሉ። ጎዘጎዝኩ፤ ሽታው ደስ ይላል፣ እሳቸውም ደስ አላቸው። ስንጥቅ ውስጥ የተኛችውን ግን አይነካትም። ነጭ ሽንኩርት ከምግቡ ጋር ቀላቅዪለት ያሉኝም ነበሩ። ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ቁንጫ ደሙን እየጠጣችው ይህንን መጨመር አያስፈልግም።

"የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ መድኃኒት!" እያለ በድምፅ ማጉያ የሚያልፈውን ሰው ዱቄትም አልገዛሁም። ጽሑፍ የሌለበት ላስቲክ ውስጥ ያለ ዱቄት ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅ። ራሱን የሚልስ እንስሳ ላይና ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ የማላውቀውን ነገር አልነሰንስም።

የሄድኩት እንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ "እህቴ፣ ውሻው ስንት ኪሎ ነው?" ብሎ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጠኑ በክብደት ነው የሚሰጠው፤ ካነሰ አይሠራም፣ ከበዛ ይመርዛል። እኔ ግን ኪሎውን ከየት አባቴ አመጣዋለሁ? መልሱ አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ነበር። መንገደኛ በሚዛን የሚመዝነው ልጅ ጋ መቻልን ይዤ ሄድኩ። አንዴ ብቻዬን ወጣሁ፣ አንዴ ታቅፌው። ልዩነቱ 18 ኪሎ። ልጁ የቆመውን ሕዝብ አይቶ "እትዬ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው" አለኝ። ከፈልኩ፤ ልክ ነበር።

የወሰድኩት ፊፕሮኒል የሚባለውን ጠብታ ነው። ፀጉር ላይ ካፈሰሱት ባከነ ማለት ነው። በሁለቱ ትከሻዎች መሃል፣ ሊልሰው የማይደርስበት ቦታ ላይ ፀጉሩን ከፍሎ ቆዳው ላይ ነው የሚንጠባጠበው። በቆዳው ወዝ ተጉዞ ሰውነቱን ስለሚያዳርስ፣ ከመደረጉ በፊትና በኋላ ለ2 ቀን ያህል አለማጠብ ነው። የሚዋጥም አለ፤ ፍሉራላነር ያለበት ክኒን 12 ሳምንት ይይዛል። ለቡችላ ግን ሁሉም አይሆንም፤ ዕድሜውንና ክብደቱን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ድዱ ነጣ ካለ ደግሞ ደም አንሶታል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቀን ሳይቆጥሩ ይዞ መሄድ ነው።

ማጠቡን የጨረስኩት ከዚያ ቀደም ብዬ ነበር፣ ፀሐይ በወጣበት እኩለ ቀን። አንድ ብልሃት ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን ወፍራም አረፋ አድርጉበት። አለዚያ ውሃው ጀርባውን ሲነካ ቁንጫው በሙሉ ወደ ጆሮውና ወደ ዓይኑ ይሸሻል። በረኪና የሚባል ነገር አይቅረበው።

የከበደኝ ጎረቤት ማሳመን ነበር። ግቢው የጋራ ነው፤ አንዱ ውሻ ታክሞ ድመቷ ከቀረች ድካሙ ከንቱ ነው። ውሻ ላይ በብዛት የሚገኘው ቁንጫ በሳይንሱ "የድመት ቁንጫ" የሚባለው ነው። የእማማ ድመት ደግሞ የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ የምታዳርስ ናት። ከተረፈው ጠብታ ትንሽ ለሷ ቢደረግላት ምን አለ ሲሉኝ በፍጹም አልኳቸው። ለውሻ ከተሠሩት ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል የነፍሳት መርዝ አለባቸው፤ ፐርሜትሪን ድመት ይገድላል። ለድመት ተብሎ የተጻፈበትን ለብቻው ገዛን፣ ሦስታችንም አዋጥተን፣ በአንድ ቀን አደረግን።

ከዚያ በኋላም ቁንጫ አየሁ። እህቴ "መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው" ማለት ጀመረች። የምትታየው ግን ከስንጥቅ አዲስ የምትፈለፈለዋ ናት፤ ውሻው ላይ ወጥታ ነው የምትሞተው። ወለሉን መጥረጌንም፣ ማበጠሬንም አላቆምኩም፤ የማበጠሪያው ፍርፋሪ እየቀነሰ ሄደና ሶፍቱ ነጭ ሆኖ ቀረ።

በመሃል ጭራው ሥር ሩዝ የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች ተለጥፈው አገኘሁ። የኮሶ ቁራጭ ነው። መቻል ጥሬ ሥጋ በልቶ አይደለም፤ ይህ የውሻ ኮሶ እንቁላሉ በቁንጫ እጭ ይዋጣል፣ ውሻው ሲነክስ ቁንጫዋን ይውጣታል፣ ኮሶው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ሐኪሙ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ መድኃኒት ሰጠው። ቁንጫው ካልጠፋ ግን ኮሶውም ይመለሳል።

አሁን ጠብታውን የማደርግለት በወር በወሩ ነው፣ በጋ ከክረምት ሳልል። ቀኑን እንዳልረሳው በ12 አደረግኩት፤ እናቴ ሚካኤልን ልትሳለም ነጠላዋን ስትለብስ እኔ መቻልን እይዛለሁ። የኛ ወር 30 ቀን ድፍን ስለሆነ ሒሳቡ አይዛባም። ጳጉሜ ላይ ብቻ ይዛባል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ድረስ 35 ቀን ይሆናል፣ ያውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቤቱ ገና እርጥብ ሳለ። ስለዚህ የመስከረሙን ወደ 7 ሳብኩት፤ ከዚያ ወዲህ ቀጠሯችን ከሚካኤል ወደ ሥላሴ ተዛውሯል።